ፓይተን ከሰርቨር ላይ ሲነሳ ለምን ይንቀራፈፋል?

አንድ አንባቢ ስለ ፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «የቢሮአችን ኮምፒውተሮች ሁሉም ዊንዶውስ ናቸው። በየማሽኑ ኢንስቶል ማድረግ ስለሰለቸኝ ፓይተንን ከነላይብረሪዎቹ ሰርቨሩ ላይ ሼርድ ፎልደር ውስጥ አስቀመጥኩት። ሁሉም በዜድ ድራይቭ በኩል ይከፍተዋል። ይሠራል፤ ግን እስኪነሳ ያሰለቻል። ማታ በታስክ ስኬጁለር እንዲነሳ ያደረግኩት ሪፖርት ደግሞ ጭራሽ አይነሳም።»

ከማታው ልጀምር፤ እሱ ይቀላል። የድራይቭ ፊደል የሚሰጠው ለኮምፒውተሩ ሳይሆን ሎግ ኢን ላደረገው ሰው ነው። ታስኩ ማታ በራሱ ሲነሳ ዜድ የሚባል ነገር አያይም። ስለዚህ ፊደሉን ይተዉትና በሁለት ባክስላሽና በሰርቨሩ ስም የሚጀምረውን ሙሉ አድራሻ ይስጡት። ታስኩም ሼሩን የማንበብ ፈቃድ ባለው አካውንት ይነሳ። በባች ፋይል የሚያስነሱት ከሆነ ደግሞ ሲኤምዲ (የዊንዶውስ የትዕዛዝ መስኮት) እንዲህ ያለውን አድራሻ እንደ መሥሪያ ፎልደር አይቀበልም፤ ወደ ዊንዶውስ ፎልደር ይመልስዎታል። በ«ሲዲ» ፋንታ «ፑሽዲ» ይጠቀሙ፤ ጊዜያዊ ፊደል ራሱ ይፈጥራል።

አሁን ወደ ዝግመቱ። ስክሪፕትዎ ፓንዳስን (የዳታ ማቀናበሪያ ላይብረሪ ነው) ኢምፖርት ሲያደርግ ፓይተን በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ይከፍታል። እያንዳንዱን በየፎልደሩ እየዞረ ይፈልገዋል። በራስዎ ዲስክ ላይ ሲሆን ይህ አይታወቅም። በኔትወርክ ግን ለወጥ የሚሆን ሽንኩርት አንድ በአንድ ከሱቅ እየተመላለሱ እንደ መግዛት ነው። የአንቲቫይረሱ ፍተሻ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ገመዱን በፈጣን ቢቀይሩት ብዙ አያተርፉም፤ የሚያጓትተው የፋይሉ ክብደት ሳይሆን ምልልሱ ነው።

ሌላም ጣጣ አለው። ዊንዶውስ ከኔትወርክ የተነሳን ፕሮግራም በአንዴ ጠቅልሎ ሜሞሪ ላይ አይጭንም፤ ሲያስፈልገው ነው የሚስበው። መብራት ብልጭ ብሎ ስዊቹ ቢጠፋ፣ ላፕቶፑ በባትሪ ቢቆይም እንኳ ፓይተኑ መሃል ላይ ሊወድቅ ይችላል።

የእኔ ምክር፦ ፓይተኑና ላይብረሪዎቹ በየማሽኑ ይሁኑ፤ ሼሩ ላይ ስክሪፕቶቹ ብቻ ይቅሩ። «በየማሽኑ መዞሩ ነው የሰለቸኝ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። መዞር አያስፈልግም። ፓይተን ለዊንዶውስ «ኢምቤደብል» የሚባል ዚፕ አለው፤ ኢንስቶል አይፈልግም፣ መፍታት ብቻ ነው። ፈትተው ላይብረሪዎቹን አንዴ ይጨምሩበትና ዋናውን ቅጂ ሰርቨሩ ላይ ያስቀምጡት። ሠራተኛው ሎግ ኢን ሲያደርግ ሮቦኮፒ (ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው የፋይል መገልበጫ) ወደ ሲ ድራይቭ ይገልብጠው። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ የተቀየረውን ብቻ ስለሚያመጣ ቶሎ ያልቃል። የ«ሚረር» ትዕዛዙን ሲጠቀሙ ግን ይጠንቀቁ፤ ሰርቨሩ ላይ የሌለውን ሁሉ ከመድረሻው ፎልደር ያጠፋል። ለፓይተኑ ብቻ የሆነ ፎልደር ይስጡት።

ኢምቤደብሉ ሁለት አመል አለው። የላይብረሪ መጫኛው ፒፕ አብሮት አይመጣም። ስለዚህ ላይብረሪዎቹን ቨርዥኑ አንድ በሆነ ሙሉ ፓይተን፣ በፒፕ የ«ታርጌት» አማራጭ ያውርዷቸው። ሁለተኛው ብዙ ሰው ያስለቅሳል፦ ስክሪፕቱ ያለበትን ፎልደር በራሱ አያይም። ጎኑ ያለውን የራስዎን ሞጁል «አላገኘሁም» ይላል። መንገዱ የሚጻፈው ከፓይተኑ ጋር በሚመጣው፣ ስሙ በ«ፒቲኤች» በሚያልቀው ፋይል ውስጥ ነው። የላይብረሪዎቹንም የስክሪፕቶቹንም ፎልደር እዚያ ይጨምሩ። «ቬንቭ (ለአንድ ሥራ ብቻ የሚለይ የፓይተን ፎልደር) ሠርቼ ልገልብጠው» ካሉ ይተዉት፤ ቬንቭ የተፈጠረበትን አድራሻ በውስጡ ስለሚይዝ ቦታው ሲቀየር ይበላሻል።

ሼሩ ላይ የመጻፍ ፈቃድ ለእርስዎ ብቻ ይሁን፤ ሌላው ያንብብ። እዚያ መጻፍ የቻለ ሰው በሒሳብ ኃላፊው ኮምፒውተር ላይ የፈለገውን ኮድ አስነሳ ማለት ነው።

ስክሪፕቶቹ ኤስኪውላይት (ዳታውን በአንድ ፋይል የሚይዝ ዳታቤዝ) የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የዳታቤዙን ፋይል ሼሩ ላይ አያስቀምጡት። በኔትወርክ ላይ የፋይል መቆለፊያው አያስተማምንም፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲጽፍ ዳታው ሊበላሽ ይችላል። ብዙ ሰው የሚጽፍበት ከሆነ እዚያው ሰርቨር ላይ ፖስትግሬስ ወይም ማይኤስኪውኤል የሚባለውን ዳታቤዝ ይጫኑ።