ባዶ ሙቀጫ

ልጆቼ፣

ከ30 ዓመት በላይ በሂሳብ ሥራ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሰሞኑን አብሮኝ ይሠራ የነበረ ወጣት ደውሎ፣ «ጋሼ፣ በእምነቴ የተነሳ መሥሪያ ቤት ውስጥ መከራዬን እያየሁ ነው። እግዚአብሔር የት ነው ያለው?» አለኝ። ስልክ ላይ ረብ ያለው መልስ አልሰጠሁትም። ቆጭቶኝ ነው ይህን የምጽፈው።

በጥር 1974 ደርግ የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ ወጣት ነበርኩ። መሪዎቻችን ታሰሩ። ከ4 ዓመት በላይ የቆዩ ነበሩ። እኛ አምስት ስድስት እየሆንን በየሰው ቤት መሰብሰብ ጀመርን። አንድ ላይ አንገባም። አንዱ ገብቶ ሩብ ሰዓት ሲሞላው ነው ሌላው የሚከተለው። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው።

እኛን የሚሰበስቡን እትዬ ጸሎት ሲጀመር ሙቀጫቸውን ይዘው በሩ ሥር ይቀመጣሉ። ቡናው ልሞ ወደ ጀበናው ከገባ በኋላም አያቆሙም። ባዶ ሙቀጫ ይወቅጣሉ። የቀበሌ ጠባቂ ቢያልፍ ድምፃችን እንዳይሰማው ነው። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ዘነዘናው አንዳንዴ እየሳተ የሙቀጫውን አፍ ይመታል። ያኔ ሁላችንም ዓይናችንን እንገልጣለን።

እምነት ማለት አለመፍራት ይመስለኝ ነበር። እትዬ ግን ይፈሩ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ያንኑ በር ይከፍቱልናል።

ቤተ ክርስቲያኗ ስትዘጋ 5,000 ገደማ አባላት ነበሯት። ደርግ ወድቆ ስትከፈት ከ34,000 በላይ ሆነው ተገኙ። የሂሳብ ሰው ነኝና ይህን ቁጥር እወደዋለሁ። መከራ ሁሌ እድገት ያመጣል የሚል ቀመር ግን አታድርጉት። በዚያው ዘመን፣ በሐምሌ 1971፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያኑ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ 10 ዓመት ገደማ ታስረዋል። የእሳቸው 10 ዓመት በየትኛው ዓምድ ይገባል?

ሠለስቱ ደቂቅ በእሳቱ ፊት ቆመው ሁለት ነገር ተናገሩ። አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ። ባያድነንም አንሰግድም አሉ። መድረክ ላይ ለመጀመሪያው እልል እንላለን። ሁለተኛውን ቶሎ እናልፈዋለን። እትዬ የያዙት ሁለተኛውን ይመስለኛል።

አሁን ወደ ደወለልኝ ልጅ ልመለስ። አትቀየመኝና፣ አንዳንዱ መከራ የራሳችን ነው። ጠዋት አርፍደህ፣ ሪፖርት አዘግይተህ አለቃህ ቢቆጣህ ስለ ክርስቶስ አልተሰደድክም። እኔም አንድ ጊዜ የባንክ ማስታረቂያ አሳስቼ ሲገሥጹኝ «ጴንጤ ስለሆንኩ ነው» ብዬ ቤቴ ገብቼ አልቅሻለሁ። ስህተቱ የኔ ነበር። ሐሰተኛ ደረሰኝ አላወራርድም ብለህ እድገት ከቀረብህ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱም ደርሶብኛል፤ ሁለት ጊዜ ታልፌአለሁ። ያኔ አታጉረምርም አልልህም። መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ስንት ማጉረምረም አለ! ወደ እግዚአብሔር አጉረምርም። ፊርማህን ብቻ አትስጥ።

የከበደኝ ደርግም አለቃም አይደሉም። ባለቤቴ ስትታመም ነው። ጸለይን፣ ጾምን። አንድ ሰው አልጋዋ ድረስ መጥቶ «እምነት ቢኖራችሁ ትነሳ ነበር» አላት። እስካሁን ያንን ሰው ይቅር ማለት ላይ ነኝ፤ አልጨረስኩም። እናንተ የታመመ ስትጠይቁ ሾርባ ይዛችሁ ሂዱ፣ እጁን ያዙ፣ ምክንያት አትፈልጉለት።

እሷ ካረፈች 6 ዓመት ሆናት። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ጠዋት ጠዋት ተነስቼ እጸልያለሁ፣ ያልገባኝንም እነግረዋለሁ። ከዚያ ቡናዬን አፈላለሁ።