ለዳክዬና ለዝይ አደን ርካሽ ሰሚ-አውቶማቲክ ሾትገን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄው የመጣው ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚኖር ልጅ ነው፣ ባጭሩ እንዲህ ይላል። "ጋሼ፣ የሥራ ጓደኞቼ ኖቬምበር ላይ ቤይ ብሪጁን (የቼሳፒክን ድልድይ) ተሻግረን ዝይና ዳክዬ እናድናለን ብለውኛል። የአዳኞች ኮርሱን ጨርሻለሁ፣ ጠመንጃ ግን ኖሮኝ አያውቅም። አንድ ሱቅ ውስጥ ቱርክ ሠራሽ አዲስ ሰሚ-አውቶማቲክ 12 ጌጅ በ450 ዶላር አየሁ። አንዱ ጓደኛዬ ርካሽ ሰሚ-አውቶ ይነክሳል ፓምፕ ግዛ ይለኛል፣ ሌላው ሺህ ምናምን ዶላር እስክታጠራቅም ታገስ ይላል። በዓመት ቢበዛ 5 ወይ 6 ቀን ነው የምወጣው። ምን ላድርግ?"

ለማያውቅ ሰው፣ ሾትገን በአንድ ጥይት ብዙ ትናንሽ ፍሬ የሚተፋ ጠመንጃ ነው፣ 12 ጌጅ የአፈሙዙ ስፋት ነው። ሰሚ-አውቶ ቀጣዩን ጥይት ራሱ ያጎርሳል፣ ፓምፕ ግን በእጅህ እየሳብክ የምታጎርሰው ነው፣ ይነክሳል ማለት ደግሞ ጥይቱ ወይ ቀለሁ ውስጡ ይያዛል ማለት ነው። ወንድሜ መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ፣ ግዛው። ግን ሱቁ ውስጥ አስፈትተህ ካየኸው፣ የክረምት ጃኬትህን ለብሰህ ትከሻህ ላይ ልክ ከመጣልህ፣ ደግሞ ከአደኑ በፊት 100 ጥይት ተኩሰህ የምትፈትንበት ቀንና ገንዘብ ካለህ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ፓምፑን ግዛ፣ ምንም አይቆጭህ። እኔ እዚህ ሜሪላንድ ጠመንጃ ስጠግን 19 ዓመቴ ነው፣ ጃንዋሪ ላይ ጠረጴዛዬ ላይ የሚከመረው አብዛኛው የዳክዬ አዳኝ ሰሚ-አውቶ ነው፣ ርካሹም ይመጣል ውዱም ይመጣል። ርካሹ የሚለየው ፋብሪካው ሳይጨርስ የተወውን ሥራ አንተ ቤትህ መጨረስ ስላለብህ ነው፣ ይሄን የሚነግርህ ሻጭ ግን ብዙ የለም።

ቱርክ ሠራሽ መሆኑ አያስፈራህ። ኮንያ ውስጥ በይሼሂር የሚባል አካባቢ ሁግሉና ኡዙምሉ የሚባሉ ትናንሽ ከተሞች አሉ፣ ሰው ከአባቱ ከአያቱ ተቀብሎ ጠመንጃ የሚሠራባቸው ናቸው። ብረቱ ደህና ነው። ዋጋውን የሚቀንሱት ከማለስለሱና ከመጨረሻው ፍተሻ ላይ ነው፣ እሱን ደግሞ በዓይንና በጣት ማወቅ ይቻላል፣ እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ ግን ሻጩን ኢነርሺያ ነው ወይስ ጋዝ ብለህ ጠይቀው። ጋዙ ላይ አፈሙዙ (ፍሬው የሚወጣበት ረጅሙ ብረት በሙሉ) ውስጥ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ ስትተኩስ ከባሩዱ ጋዝ የተወሰነው በነሱ ወጥቶ ፒስተን ይገፋል፣ ፒስተኑ ቦልቱን (ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋውን ብረት) ወደ ኋላ ይወስደዋል። ትከሻህን ብዙ አይመታህም፣ ግን ጥላሸቱ እዛው ውስጥ ይቀራል፣ ካልወለወልከው ፒስተኑ ይጣበቅና ይቆማል። ኢነርሺያው ሌላ ነው። አውቶቡስ ድንገት ሲነሳ የቆመ ሰው ወደ ኋላ እንደሚቀረው ማለት ነው፣ ጠመንጃው በሙሉ ወደ ኋላ ሲመታ ቦልቱ ከባድ ስለሆነ ባለበት ሊቀር ይፈልጋል፣ በቦልቱ ገላና በጭንቅላቱ መሀል ያለችው አጭር ወፍራም ሞላ ትጨመቃለች፣ ስትፈታ ቦልቱን ወደ ኋላ ትወረውረዋለች፣ ቀለሁ ይወጣል ቀጣዩ ይጎርሳል። ጋዝ ወደ ውስጥ ስለማይገባ ንፁህ ሆኖ ይቆያል፣ ክፍሎቹም ጥቂት ናቸው። ጉዳቱ ጠንከር አድርጎ ይመታሃል፣ ቀላል ጥይት አይወድም፣ ደግሞ ዛፍ ወይ ግድግዳ ላይ አስደግፈህ ብትተኩስ ወደ ኋላ መሄድ ስለማይችል ላያቀባብል ይችላል።

ላንተ ኢነርሺያውን ነው የምመርጠው። በዓመት 5 ቀን የሚወጣ ሰው ማታ ደክሞት ገብቶ ፒስተን ቁጭ ብሎ አይፈትግም፣ ለዳክዬና ለዝይ የምትተኩሰው ጥይት ደግሞ ከባድ ስለሆነ ሞላዋ በደንብ ትሠራለች። ሰውነትህ ቀጭን ከሆነ ወይ ትከሻህ ችግር ካለበት ግን ጋዙን ውሰድ፣ መመታት የሚፈራ ሰው ቃታ ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እሱን በኋላ ማስተው ከባድ ነው።

ኢነርሺያ ከገዛህ አንድ ነገር ዕወቅ። ጠዋት በጨለማ ሣሩ ውስጥ ተደብቃችሁ ወፎቹ እንዳይሰሙ ብለህ ቦልቱን በእጅህ ቀስ አድርገህ ትመልሰዋለህ፣ የተዘጋ ይመስላል፣ ግን የቦልቱ ጭንቅላት ዞሮ አልቆለፈም። ዝዮቹ ከላይህ መጡ፣ ቃታ ሳብክ፣ ቀጭ ብሎ ቀረ። ስንቱ ሰው ጠመንጃዬ ተበላሸ ብሎ ያመጣልኛል መሰለህ፣ ምንም አልሆነም እኮ። ቦልቱን እስከ መጨረሻው ስበህ ልቀቀው፣ ራሱ በኃይል ይዝጋ፣ ከዛ እጀታውን በመዳፍህ ወደ ፊት ገፋ አድርገህ አረጋግጥ። በቁጥቋጦ መሀል ስትሄድ ወይ መሬት ላይ ነካ ስታደርገውም ቦልቱ ትንሽ ሊከፈት ስለሚችል ቦታህ ስትደርስ እንደገና ግፋው።

አሁን ሱቅ። አፈሙዙን ፍታልኝ በለው፣ እምቢ ካለ ትተኸው ውጣ። ከፈታው በኋላ ጥይቱ የሚቀመጥበትን ቻምበር በስልክህ መብራት እየው፣ ክብ ክብ የመቁረጫ ጭረት ከታየህ አልለሰለሰም ማለት ነው። ይሄ ለምን ይጠቅማል መሰለህ፣ የርካሽ ጥይት ቂጥ ከነሐስ ፋንታ ከብረት ነው የሚሠራው፣ ሲተኮስ ያብጥና ሻካራው ላይ ይጣበቃል፣ አውጪዋ ጥፍር ጠርዙን ቦጭቃ ትቀራለች ቀለሁ እዛው ይቀራል። ክሮም የተቀባ ካገኘህ ደግሞ ለጨው አየር ጥሩ ነው። ከዛ ቾኩን (አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚታሰረውን፣ ፍሬው ብዙ እንዳይበተን የሚያጠበውን ቁራጭ) ፈትተህ መልሰህ እሰረው፣ በውስጥ በኩል ከአፈሙዙ ጋር እኩል መሆን አለበት፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ከወጣ አትግዛው። ጥይት የሚገባበትን በር በአውራ ጣትህ ዳብሰው፣ ስለት ካለው በብርድ ቀን ጣትህን ይቆርጥሃል። ባሩድ የሌለው፣ የማይተኩስ የልምምድ ጥይት ካላቸው አምስት ስድስት ጊዜ አቀባብለህ ሲወጣና ሲገባ እየው።

ልኩን ደግሞ እንዲህ ነው የምታየው። ባዶ መሆኑን ሻጩም አንተም ካያችሁ በኋላ አደን የምትለብሰውን ጃኬት ለብሰህ ዓይንህን ጨፍነህ ትከሻህ ላይ አምጣው፣ ከዛ ዓይንህን ግለጥ። ጫፉ ላይ ያለችውን ነጥብ ብቻ ቀጥ ብላ ካየሃት ልክህ ነው። የአፈሙዙን ጀርባ በሙሉ የምታይ ከሆነ ሰደፉ ከፍ ብሏል፣ ምንም ካላየህ ዝቅ ብሏል። ሰደፉ ሥር የሚገቡ ቀጫጭን ማስተካከያዎች ሳጥኑ ውስጥ ካሉ ትልቅ ነገር ነው። ሰደፉ ጃኬትህ ላይ ከተያዘብህ ረዝሞብሃል።

3½ ኢንች ጥይት የሚተኩስ ነው ብለው ተጨማሪ ገንዘብ ቢጠይቁህ አትክፈል፣ 3 ኢንች ለዳክዬም ለዝይም ይበቃል፣ ትከሻህንም ኪስህንም ታድናለህ።

ገዝተህ ቤት ስትገባ ወዲያው ተኩስ ሜዳ አትሂድ። ብዙዎቹ ከፋብሪካ ዝገት እንዳይነካቸው ወፍራም ግሪስ ተቀብተው ነው የሚመጡት፣ ሰው ደግሞ የማለስለሻ ዘይት ይመስለዋል። ያ ግሪስ ቦልቱ ውስጥ ከተቀመጠ በብርድ እንደ ሰም ይደርቅና መርፌዋ ደክማ ትመታለች፣ ጥይቱ ይከሽፋል። ሙሉ በሙሉ ፈትተህ ጠርገህ አውጣው፣ ከዛ ስስ ዘይት በጨርቅ፣ ጣትህ ላይ ቀጭን ሆኖ እስኪታይ ድረስ ብቻ። በዛ ያለ ዘይት አቧራ ይይዛል፣ ወደ ሰደፉም ይወርዳል።

ከዛ 100 ጥይት። ከባዱን ተጠቀም፣ የፍሬው ክብደት 1⅛ ወይ 1¼ አውንስ የሆነውን፣ ለተኩስ ልምምድ የሚሸጠው ቀላሉ ኢነርሺያውን ስለማያንቀሳቅሰው ጠመንጃው መጥፎ ነው ብለህ ትሳሳታለህ። መጀመሪያዎቹ 25 ላይ አንድ ሁለቴ ቢነክስ አትደንግጥ፣ ብረቱ እርስ በርሱ እየተላመደ ነው። ከ50 በኋላም ከነከሰ ወደ ሱቁ መልሰው፣ ዋስትና ያለው ለዚህ ነው። ኖቬምበር ላይ ውሃ መሀል ቆመህ ከምታውቀው ሴፕቴምበር ላይ ብታውቀው ይሻላል።

ጥይቱ የግድ ከእርሳስ ነፃ መሆን አለበት፣ ለውሃ ወፍ ከ1991 ጀምሮ በመላው አሜሪካ እርሳስ ክልክል ነው፣ ወፎቹ ከጭቃው ጋር ፍሬውን እየዋጡ ስለሚመረዙ ነው። ኪስህ ውስጥ የተረሳች አንዲት የእርሳስ ጥይት ብትገኝብህም ጥፋት ነው፣ ስለዚህ የልምምዱን ጃኬትና የአደኑን ጃኬት ለይ። ብረት ከእርሳስ ስለሚቀል ቶሎ ይደክማል፣ ለዚህ ነው ፍሬውን ተለቅ አድርገህ የምትይዘው፣ ለዳክዬ 2 ቁጥር፣ ለዝይ ከሱ የሚተልቀውን ቢቢ። ቾኩን ሞዲፋይድ (መካከለኛውን) አድርገው፣ ብረት ስለማይጨመቅ እሱ ራሱ ጠበብ አድርጎ ነው የሚሄደው፣ በጣም ጠባቡ ፉል ቾክ ላይ ለብረት ይሆናል ተብሎ ካልተጻፈበት አትተኩስ። ከ35 ያርድ በላይ ያለችውን ወፍ ተዋት፣ ቆስላ ሄዳ ሣር ውስጥ ትሞታለች።

ጠመንጃው በአጠቃላይ ከ3 ጥይት በላይ መያዝ የለበትም፣ አንድ ቻምበር ውስጥ ሁለት ከአፈሙዙ ሥር ባለው የጥይት ቱቦ ውስጥ። ቱቦው ውስጥ የሚገባ ዘንግ አለ፣ አዲስ ጠመንጃ ላይ ወይ ገብቶ ወይ ሳጥኑ ውስጥ ይመጣል። ቻምበሩ ባዶ ሆኖ ቱቦውን በማይተኩሰው የልምምድ ጥይት ሙላው፣ ሦስተኛ ከገባ ዘንጉ የለም ማለት ነው። የ25 ዶላሩን የፌዴራል ዳክ ስታምፕ (የውሃ ወፍ አደን ማህተም) እና የስቴቱን ፈቃድ አትርሳ። ግሪን ካርድ ያለው ሰውም ሾትገን መግዛት ይችላል፣ ካርዱንና መታወቂያውን ይዞ ሱቁ ፎርም ያስሞላዋል። የመታኸውን ወፍ ደግሞ ፈልገህ ማንሳት ግዴታህ ነው፣ ብዙዎቻችን ቤት ዳክዬ አይበላም፣ ስለዚህ ሥጋውን የሚወስድ ሰው ከመውጣትህ በፊት ያዝ፣ የእግዜር ፍጥረት ገድሎ ቆሻሻ ውስጥ መጣል ልክ አይደለም።

ጓደኛህ ፓምፕ ያለህ ክፉ ምክር አይደለም። ሞስበርግ 500 ወይ ያገለገለ ሬሚንግተን 870 ካገኘህ ልጅህም ይወርሰዋል፣ ቀላል ጥይትም ከባድ ጥይትም በእጅህ ስለምታቀባብለው አይመርጥም። ያገለገለ ስትገዛ ግን አፈሙዙ ላይ የተጻፈውን አንብብ፣ አሮጌ 870ዎች ውስጥ 2¾ ኢንች ብቻ የሚወስዱ አሉ፣ 3 ኢንቹን እንዳትሞክርበት፣ ደግሞ ቾካቸው የማይፈታ ፉል የሆነ አለ። እስከ ሺህ ዶላር ታገስ ያለህ ሰው ግን ሒሳቡን አልሠራልህም፣ የውሃ ቦቲ፣ ፈቃድ፣ ጥይት አለ፣ የብረት ጥይት 25ቷ ሣጥን እንኳን ርካሽ አይደለችም። ልምምዱን የሚበላብህ ውድ ጠመንጃ አይጠቅምህም።

ባለፈው ክረምት አንድ ሰው አዲስ ነው ሁለተኛ ዓመቱ ነው አይመለስም ብሎ ሰሚ-አውቶውን አመጣልኝ። ውጪው ያበራል፣ ዘይት እንደ ጉድ ተቀብቷል። ሰደፉን ፈታሁት፣ የመላሿ ሞላ የምትቀመጥበትን ቱቦ ክዳን ስከፍተው ቡናማ ውሃ ጠረጴዛዬ ላይ ፈሰሰ፣ ሞላዋን ስጎትታት ዝገቷ እንደ በርበሬ እጄ ላይ ረገፈ። ሁለት ሲዝን ሙሉ ከቼሳፒክ የገባ ጨዋማ ውሃ ነው። የ15 ዶላር ሞላ ናት፣ ግን ሰው አይከፍተውም፣ ምክንያቱም አይታይም። አንተ የምትገዛው ሞላው ሰደፉ ውስጥ ከሆነ በሲዝኑ መጨረሻ የግድ ክፈተው፣ ማታ ማታ ደግሞ አፈሙዙን ፈትተህ በደረቅ ጨርቅ ጥረግና ቀዳዳውን ወደ ታች አድርገህ አቁመው።

አንድ ነገር አደራ የምልህ አለ። ፓምፕ የሚተኩስ ሰው ቀጣዩን ራሱ ነው የሚያጎርሰው፣ ሰሚ-አውቶ ግን ተኩሰህ ወፏ ስትወድቅ በደስታ ዞር ስትል ሌላው ጎርሶ ቃታው ተዘጋጅቷል፣ አጠገብህ ሰው አለ ውሻ አለ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አንድ ጥይት ብቻ አጉርስ። ወፍ ቢያመልጥህ ያምልጥህ። ቤትህ ልጆች ካሉ ደግሞ መቆለፊያ ያለው ካዝና ጠመንጃውን በገዛህበት ቀን ነው የሚገዛው።

ከከሸፈብህ አፈሙዙን ወደ ውሃው እንዳዞርክ አንድ ደቂቃ ጠብቅ፣ ዘግይቶ ሊተኩስ ይችላል፣ ከዛ ነው የምትከፍተው። ድምፁ ደከም ብሎ ከተሰማህ ሌላ አታጉርስ፣ አውርደህ አፈሙዙ ውስጥ የተቀረቀረ ነገር እንዳለ እይ። ለፍተሻ በምትተኩሳቸው 100 ጥይቶች የነከሰብህን ወይ የከሸፈብህን ጥይትና ቀለህ እንዳትጥለው፣ በላስቲክ ቋጥረህ ስንተኛው እንደሆነ ጻፍበት። ጠርዙ ከተቦጨቀ ችግሩ ቻምበሩ ነው፣ መሀሉ ላይ ያለችው ጠባሳ ጥልቅ ካልሆነች ወይ ግሪስ ቀርቷል ወይ ቦልቱ አልቆለፈም። እሷን ይዘህ ሱቁ ስትሄድ ማንም አንተ አላወቅክም ብሎ አይመልስህም።