ገና እየተማርኩ ሌላውን ማበረታታት እችላለሁ ወይ? ላልከው

ወንድሜ፣ የወጣቶች ጥናት ስትመራ አንዲት ልጅ ስህተትህን እንደነገረችህና «እኔው ሳልበስል ሌላውን እንዴት ላበረታታ?» ብለህ እንደተጨነቅክ ጽፈሃል። አይዞህ። እስቲ የሐዋርያት ሥራ 18ን ከቁጥር 24 ጀምረህ አንብበው።

አጵሎስ የእስክንድርያ ሰው ነው፤ ንግግር አዋቂ፣ መጻሕፍትን ጠንቅቆ የሚያውቅ። ስለ ጥምቀት ግን የሚያውቀው የመጥምቁ ዮሐንስን ብቻ ነበር። ኤፌሶን ከተማ ላይ ባልና ሚስቱ ጵርስቅላና አቂላ ሲያስተምር ሰሙት። ሕዝብ ፊት አላሳፈሩትም፤ ለብቻው ወስደው በደንብ አስረዱት። አስተማሪዎቹ ተራ ድንኳን ሰፊዎች ናቸው እኮ! ከዚያ በኋላ ነው ግሪክ ውስጥ ወዳለችው አካይያ ሄዶ አማኞችን እጅግ የጠቀማቸው። መታረሙ ከአገልግሎት አላስቀረውም።

እኔም ቤት ውስጥ ጥናት ስመራ አንዲት እናት ሻይ እየቀዱልኝ፣ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ አንተ ቶሎ ጥቅስ ስለምትጠቅስ ያዘነ ሰው አፉን መክፈት ይፈራል» አሉኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ትክክል ነበሩ። አሁን ጥቅሱን አቆይቼ መጀመሪያ እሰማለሁ።

በሚቀጥለው ጥናት ልጅቷን ሁሉም ፊት አመስግናት። ያረመችህንም ነገር አንተው ራስህ አስተካክለህ ንገራቸው።