ዓይኔ በተርገበገበ ቁጥር ልቤ ይሰጋል

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ እጸልያለሁ፣ እቆርባለሁም። ግን ዓይኔ ሲርገበገብ «ዛሬ የምሰማው ክፉ ነገር አለ» እያልኩ ስሰጋ እውላለሁ። አንዲት ጎረቤት አለችኝ፤ ጠዋት መጀመሪያ እሷን ካየሁ የሄድኩበት አይቀናኝም። ስለዚህ እስክታልፍ በሬን ዘግቼ እጠብቃለሁ። «ይህን ጸሎት ለአሥር ሰው ካልላክሽ መከራ ያገኝሻል» የሚል መልእክት ሲደርሰኝም ፈርቼ እልካለሁ። ይሄ ኃጢአት ነው ወይስ ዝም ብሎ ልማድ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ሳትደብቂ መጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ብዙዎቻችን ውስጥ ያለ ነገር ነው። እኔም ተማሪ እያለሁ ክዳኑ በጥርስ የተበላ አንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ ነበረኝ። ያለ እሱ ፈተና አልገባም ነበር። አንድ ቀን ጠፍቶብኝ በር ላይ ቆሜ እጄ ሲንቀጠቀጥ ትዝ ይለኛል። ጸልዬ ነበር የመጣሁት፤ ግን የተማመንኩት በእስክሪብቶው ነበር።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ከ1,600 ዓመት በፊት ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ኤፌሶን መልእክት ሲያስተምር ይህንኑ ልማድ አጥብቆ ገሥጿል። የዘመኑ ሰዎች አገልጋይ የግራውን ጫማ አስቀድሞ ካቀበላቸው፣ ከቤት ሲወጡ ግራ እግራቸው ከቀደመ፣ መጀመሪያ ያገኙት ሰው እገሌ ከሆነ መከራ መጣ ይሉ ነበር። የቀኝ ዓይን መርገብገብንም የእንባ ምልክት ያደርጉት ነበር። ያንቺው ዓይን እንኳ አልቀረም!

ከጻፍሽልኝ ሁሉ ግን ልቤን የነካው የጎረቤትሽ ነገር ነው። ሰው «ገደ ቢስ» ብሎ የሚሸሻትን አንዲት እናት አውቃለሁ። ጎረቤቶቿ ጠዋት ሲያዩዋት ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። ኋላ ኋላ ገባት። ከዚያ በኋላ ነጠላዋን እንደለበሰች ከበሯ ጀርባ ቆማ፣ የሰው ኮቴ እስኪያልፍ ትጠብቅ ጀመር። ቅዳሴ የሚረፍድባት በዚህ ምክንያት ነበር። እግዚአብሔር በመልኩ የፈጠረውን ሰው የክፉ ምልክት ማድረግ ቀላል ልማድ አይደለም። እህቴ፣ እዚህ ላይ ሳላለሳልስ ልንገርሽ፤ ኃጢአት ነው። ባልንጀራን መበደል ነው።

ስለ ዓይንሽ ብዙ አልልም። እንቅልፍ ሲያጥር፣ ድካምና ጭንቀት ሲበዛ የዓይን ሽፋን በራሱ ይርገበገባል። አንቺ ደግሞ ስትሰጊ ትውያለሽ፤ ስጋቱ እንቅልፍ ይነሳሻል፤ በማግስቱ ያው ዓይን ይርገበገባል። ተርገብግቦ ምንም ያልሆነበትን ቀን ማን ይቆጥራል? አንድ ቀን የገጠመውን ግን ለዓመታት እናወራዋለን። ለሳምንታት ከቆየብሽ ሐኪም ይየው።

መልእክቱን አትላኪው፤ አጥፊው። ጸሎት ከአባታችን ጋር መነጋገር እንጂ ለአሥር ሰው ካልደረሰ የሚቀጣ ዕዳ አይደለም። የተቀደሰ ነገር ሳይቀር እንደ ክታብ ሲያዝ ምን እንደሚሆን በመጀመሪያ ሳሙኤል ምዕራፍ 4 እናነባለን። እስራኤል ንስሐ ሳይገቡ ታቦቱ ብቻ ያድነናል ብለው ወደ ጦርነት ይዘውት ወጡ። በዚያ ቀን 30,000 እግረኛ ወደቀ፤ ታቦቱም ተማረከ። ስለዚህ ዓይንሽ ሲርገበገብ ብታማትቢ መልካም ነው፤ ግን «ክፉውን ገድ አከሸፍኩት» ብለሽ ከሆነ መስቀሉንም ያንኑ አጉል እምነት አደረግሽው ማለት ነው። ቀንሽን ለእግዚአብሔር አደራ ሰጥተሽ ወደ ሥራሽ ሂጂ።

ድንገት ሽው የሚል ሐሳብ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ታዘሽለት በር ስትዘጊ፣ ከጉዞ ስትቀሪ፣ ሰው ስትሸሺ ነው ኃጢአት የሚሆነው። እስካሁን የሆነውን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። «ይሄማ ትንሽ ነገር ነው» ብለሽ አትለፊው።

ነገ ጠዋት ደግሞ ጎረቤትሽ ስታልፍ በርሽን ክፈቺ። ምን ስታስቢ እንደኖርሽ ለእሷ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ሊያቆስላት ይችላል። ቀድመሽ «እንዴት አደርሽ?» በያት። መንገዳችሁ አንድ ከሆነም አብረሻት ሂጂ። ልብሽ መምታቱ አይቀርም፤ ይምታ፣ አንቺ ግን አትመለሺ።