ጊሩ ካለኝ ዳንጀን ምን ልሠራ እገባለሁ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለውን የኢንተርኔት ጌም እጫወታለሁ፣ ዲፒኤስ (ጠላትን የሚመታው) ነኝ። ዳንጀን (በቡድን ተገብቶ ጠላት የሚመታበት ቦታ) ለመሄድ ቡድን ልግባ ስል መሪዎቹ ዳንጀኑ ራሱ ከሚሰጠው ዕቃ የበለጠ አይተም ሌቭል (የዕቃ ጥንካሬ ቁጥር) ይጠይቁኛል። ያ ጊር (የምለብሰው ዕቃ) ካለኝ እዚያ ምን ልሠራ እገባለሁ? ሲቀበሉኝ ደግሞ ታንክ (የጠላትን ምት የሚቀበለው) ወይ ሂለር (ቡድኑን የሚያክመው) ጠፍቶ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ መናደድህ ትክክል ነው። ግን ሁለቱን ነገር ለየብቻ እንያቸው።

የታንክ እጥረት ከሂሳቡ ይጀምራል። ዳንጀን 5 ሰው ነው፤ 1 ታንክ፣ 1 ሂለር፣ 3 ዲፒኤስ። ሬድ (ብዙ ሰው አብሮ የሚገባበት ትልቅ ውጊያ) ላይ ግን 20 ሰው ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው 2 ታንክ ብቻ ነው። እነዚያው ሰዎች በማግስቱ አምስት አምስት ሆነው ዳንጀን እንግባ ቢሉ 4 ታንክ ያስፈልጋቸዋል፣ የቀሩት ሁለቱ ከየት ይምጡ? በዚያ ላይ ታንክ መንገዱን ማወቅ አለበት፣ ፍጥነቱን የሚወስነው እሱ ነው፣ ሲሳሳት ሁሉም ያየዋል፤ ዲፒኤስ ሲሳሳት ግን ብዙ ጊዜ ልብ የሚል የለም። እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው፦ ታንክ ጠፋ እያልን እናማርራለን፣ ገና የሚማር ሲመጣ ደግሞ ሰድበን እናባርረዋለን።

የጌሙ ሠሪዎችም ችግሩን ያውቁታል። ዋርክራፍት እ.ኤ.አ. በ2011 እጥረት ያለበትን ሚና ይዞ ለሚሰለፍ ተጨማሪ ሽልማት መስጠት ጀመረ። ፋይናል ፋንታሲ 14 የሚባለው ሌላው ጌምም ተመሳሳይ ጉርሻ አለው። ሽልማት ሰው ያመጣል፣ ስድቡን ግን አያስቀርም።

ወደ ጊሩ ስንመጣ፣ መሪው አያውቅህም። ችሎታህን ከሩቅ ማየት አይችልም፣ ቁጥርህ ግን ይታየዋል። ሚቲክ ፕላስ (በሰዓት የሚሮጥ ከባድ ዳንጀን) ላይ ደግሞ ሰዓቱ ካለፈ ኪስቶኑ (ዳንጀኑን የሚከፍትበት ቁልፍ) ደረጃው ሊወርድበት ይችላል፣ ስለዚህ ይፈራል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ነገር ግን አይተም ሌቭል የለበስከው ዕቃ አማካይ ነው እንጂ የጠላትን ካስት (ሊወረውር የጀመረውን አስማት) በጊዜ ታቋርጥ እንደሆነ፣ እግርህ ሥር እሳት ሲነድ ትሸሽ እንደሆነ አይናገርም። ትልቅ ቁጥር ይዞ እሳቱ ላይ ቆሞ የሚሞት ሞልቷል። ለከባድ ደረጃ በቂ ጊር መጠየቅ አግባብ ነው፤ ለቀላሉ ዳንጀን ግን ከሚገኘው ዕቃ በላይ መጠየቅ ዕቃው የሚያስፈልገውን ሰው በር ላይ መመለስ ነው።

ስለዚህ ቡድኑን አንተ ክፈት። መስፈርቱን የሚጽፈው የከፈተው ሰው ነው። የራስህን ኪስቶን ይዘህ ከዝቅተኛው ጀምር፣ «ቀስ ብለን ነው የምንሄደው፣ ጀማሪ ታንክ ይግባ» ብለህ ጻፍ። ጥሩ ታንክ ካጋጠመህ ሲያልቅ አመስግነውና ጓደኛ አድርገው፣ በሚቀጥለው እሱን ጥራ።

ክላስህን (የካራክተርህን ዓይነት) አልነገርከኝም። ፓላዲን፣ ድሩይድ ወይ መንክ ከሆንክ ሦስቱንም ሚና መጫወት ስለምትችል የታንክ ወይ የሂለር ጊር ጎን ለጎን ሰብስብ። ሜጅ ወይ ሮግ ከሆንክ ግን ሌላ ካራክተር መጀመር ግድ ነው። ለልምምድ ፎሎወር ዳንጀን ግባ፤ አብረውህ የሚዋጉት በኮምፒውተር የሚመሩ ስለሆኑ መንገድ ብትስት የሚቆጣህ የለም። ከዚያ ሰው ያለበት ቡድን ስትገባ «ታንክ መሆን ገና እየተማርኩ ነው» ብለህ መጀመሪያውኑ ንገራቸው፤ የማይፈልግ ቀድሞ ይውጣ።