የምርት ዕቅድ ሥራ ሰንጠረዥ መሙላት ብቻ ነው ወይ?

ውድ ጠያቂያችን፣

ከአምስት ኪሎ በኢንዱስትሪያል ምሕንድስና ተመርቀው፣ ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ ባንክና በአቃቂ ቃሊቲ ባለ የብስኩት ፋብሪካ ሥራ እንደቀረበልዎት ገልጸው፣ የፋብሪካው የምርት ዕቅድ ሥራ «ኮምፒውተር ላይ ሰንጠረዥ መሙላት ብቻ እንዳይሆን» የሚል ስጋትዎን ጽፈውልናል።

ሰንጠረዡ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ሽያጭ ክፍል 6,000 ካርቶን ቢያዝና ለአንዱ ካርቶን 5 ኪሎ ዱቄት ቢያስፈልግ ጠቅላላው 300 ኩንታል ይሆናል፤ መጋዘን ውስጥ 120 ኩንታል ካለ ቀሪው 180 ኩንታል ይገዛል፤ ግዢው የሚታዘዝበት ቀንም ዱቄቱ ከሚፈለግበት ቀን ላይ አቅራቢው ለማድረስ የሚወስደው ጊዜ ተቀንሶ ይታወቃል። አስቸጋሪው የ120 ኩንታሉን እውነተኛነት ማረጋገጥ ነው። በቢን ካርዱ (የእቃው ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት የመጋዘን ካርድ) ላይ የሰፈረው ዱቄት ከፊሉ እርጥበት ነክቶት ወይም ለሌላ ትእዛዝ ተይዞ ሊሆን ስለሚችል፣ መጋዘን እየወረደ ከንብረት ክፍል ጋር ቁጥሩን የማያመሳክር ዕቅድ አውጪ ማሽን በቆመ ጊዜ የመጀመሪያው ተወቃሽ ይሆናል።

ከውጭ የሚገባው ማሸጊያ ደግሞ ከዱቄቱ ይብሳል። ኤልሲ (ባንክ ለውጭ አቅራቢው ክፍያ ዋስትና የሚሰጥበት ሰነድ) እስኪከፈት፣ ጭነቱ ጅቡቲ እስኪደርስ፣ ከዚያም ሞጆ ደረቅ ወደብ ገብቶ ጉምሩክ እስኪለቀው ያለው ጊዜ ሁሉ በዕቅዱ ውስጥ መግባት አለበት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ በመድረሱ፣ በተያዘው በጀት የሚገኘው ማሸጊያ በግማሽ ያህል ቀንሷል፤ ባለው ማሸጊያ የትኛው ምርት ይቅደም የሚለውን አማራጭ አስልቶ ለአስተዳደሩ የሚያቀርበው ዕቅድ አውጪው ነው። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ወተትና ቅቤ ያለበት ብስኩት ገበያው ስለሚቀዘቅዝ ይህንንም አስቀድሞ ማሰብ ይጠይቃል።

በእኔ እምነት፣ በሽያጭና በምርት ክፍል መካከል ቆሞ መከራከር የማይከብድዎት ከሆነ ፋብሪካው የበለጠ ያስተምርዎታል፤ ጭቅጭቅ የሚያስጨንቅዎት ከሆነ ግን ባንኩን ቢመርጡ የሚያሳፍር አይደለም። ሲፒአይኤም የተባለው ዓለም አቀፍ የሙያ ማረጋገጫ ለጊዜው ይቆይ፤ አሁን ኤክሴልን አጥብቀው ይያዙ።

ከመፈረምዎ በፊት ተጠሪነትዎ ለማን እንደሆነ ይጠይቁ። ለሽያጭ ኃላፊ ከሆነ የማይደረስ ቀን ቃል እንዲገቡ ይገፋፋሉ፤ ለምርት ኃላፊ ከሆነም ማሽኑን ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው ላለመቀያየር ሲባል ያልታዘዘ ብስኩት ሲከማች ዝም እንዲሉ ይጠበቃል። ለፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ቢሆን ይሻላል። ሰርቪስ መኖሩንም ያረጋግጡ፤ ከመሀል ከተማ ቃሊቲ በየቀኑ በራስ ወጪ መመላለስ የጀማሪን ደመወዝ ይጎዳል። ከተቻለም ከፈረቃ ኃላፊው ጋር አንድ ሙሉ ፈረቃ እንዲውሉ እንዲፈቅዱልዎት ይጠይቁ።