ባሌን የማየው እሁድ ብቻ ነው

አንዲት እህታችን ከሰንዳፋ ጽፋልኛለች። ደብዳቤው ረጅም ነው፣ አሳጥሬ ላቅርበው።

«አዲስ አበባ ኪራዩ ሲከብደን ከሁለት ዓመት በፊት ወደዚህ ወጣን። እኔ ሥራዬን ተውኩ። ባሌ የሚሠራው ሜክሲኮ አካባቢ ነው፣ ቅዳሜም አይቀርለትም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጥቶ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይገባል። ራቱን በልቶ ስልኩን እንደያዘ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሳወራው መልሱ «እሺ፣ እሺ» ነው። በቀደም የ4 ዓመቷ ልጃችን ለጎረቤት «አባዬ የሚመጣው እሁድ ነው» ስትል ሰማኋት። አሁን ደግሞ ከሰኞ እስከ አርብ መገናኛ ጓደኛዬ ጋ ልደር ይለኛል። ሌላ ሴት ይዞ ይሆን? እዚህ ሰው የለኝም። ጎረቤቶች ቡና ይጠሩኛል፣ ግን ኦሮምኛ ብዙም አልችልም። ደግሞ መመለሳችን አይቀርም እያልኩ የቡና ስኒዎቼን እንኳን ከካርቶን አላወጣኋቸውም።»

እህቴ፣ የልጅሽ ነገር ልቤን ነካው። እስቲ መጀመሪያ ቀኑን አብረን እንቁጠረው። ባልሽ በቀን 15 ሰዓት ከቤት ውጭ ነው። 9 ሰዓት ይቀረዋል። 7ቱን ቢተኛ፣ መታጠቡና መብላቱ ሲቀነስ፣ ለአንቺና ለልጁ የሚተርፈው ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው፣ እሷንም ዓይኑ እየተከደነ።

ሌላ ሴት የለችውም ብዬ ልምልልሽ አልችልም። ግን የነገርሽኝ ሁሉ፣ ዝምታውም፣ ስልኩም፣ እንቅልፉም፣ የደከመ ሰው ምልክት ነው። መገናኛ ሰልፍ ቆሞ፣ ሚኒባስ ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ ለገጣፎ ላይ መኪናው አልንቀሳቀስ ብሎት ቤቱ የደረሰ ሰው ወሬ አያምረውም። ይሄ የእናንተ ቤት ብቻ ችግር አይደለም። ኤሪካ ሳንዶው የተባለች ስዊድናዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው ጥናት፣ አንዳቸው ለሥራ 45 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚመላለሱ ጥንዶች የመለያየት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ40 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በተለይ የሚከብዱት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ናቸው። እናንተ ደግሞ ገና ሁለተኛው ላይ ናችሁ።

ስለዚህ ስልኩን ሌሊት እየፈተሽሽ ከሆነ ተዪው። ጠይቂው። ግን ማታ በር ላይ አይሁን። እሁድ ከሰዓት ልጅቷ ስትተኛ እንዲህ በይው፦ «ናፍቀኸኛል። ከተማ ልደር ስትለኝ ልትተወኝ ነው ብዬ ፈራሁ።» ክስ ከሰማ ራሱን ወደ መከላከል ይሄዳል፤ ይሄን ከሰማ ግን መልስ የመስጠት ዕድሉ ሰፊ ነው። እሱም ይናገር፤ «አንቺ ቻዪው» እያልኩሽ አይደለም። መድከም ሚስትንና ልጅን ዞር ብሎ ላለማየት ፈቃድ አይሆንም፣ ይሄንን በግልጽ ንገሪው።

የልጅቷ ነገር መጠበቅ የለበትም። በሳምንት ሁለት ቀን ከምሳ በኋላ አስተኚያትና ማታ ሲገባ ነቅታ ታግኘው። ራቱን አጠገቡ ተቀምጣ ታጉርሰው፣ ሃያ ደቂቃም ቢሆን። በሌሎቹ ቀናት በምሳ ሰዓቱ በቪዲዮ ይደውልላት፣ ሳይረሳ።

ከተማ ልደር ያለውን በተመለከተ «አይሆንም» ብለሽ አትዝጊው፣ «እሺ»ም አትበይ። አምስት ሌሊት ብዙ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ይሁን፣ ለአንድ ወር፣ የሚያልቅበት ቀን ከአሁኑ ተቆርጦ። በእነዚያ ሌሊቶች ከመተኛቱ በፊት ይደውል። በቀሩት ቀናት እንቅልፍ ጠግቦ ከመጣና ካወራሽ ጥሩ። ካልሆነ ችግሩ መንገዱ ብቻ አይደለም ማለት ነው፣ ያኔ ሁለታችሁም ባለሙያ ጋ ሂዱ።

ወረቀትና እስክርቢቶም አውጡ። ኪራይ ላይ ያተረፋችሁትን ጻፉ። የትራንስፖርቱን፣ ውጭ የሚበላበትን፣ የቀረውን የአንቺን ደሞዝ ቀንሱ። ብዙዎቻችን ቤት ስንቀይር ኪራዩን ብቻ ነው የምናሰላው። ምናልባት ለገጣፎ አካባቢ ጠበብ ያለ ቤት ይዛችሁ አንቺም ሥራ ብትጀምሪ የተሻለ ይሆናል። ወይም ሰንዳፋ መቆየቱ ይሻላችሁ ይሆናል። ሳታሰሉት አትወስኑ።

አሁን ወደ ስኒዎቹ ልምጣ፣ ምክንያቱም ከደብዳቤሽ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ብዙ የቆየሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ እንግዳ ሆነሽ ተቀምጠሻል። ቀኑን ሙሉ የምታናግሪው ትልቅ ሰው ከሌለ፣ የቀኑ ናፍቆት ሁሉ ማታ 2 ሰዓት ላይ አንድ በደከመ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። እሱ ይሄን አይችለውም፣ አንቺም ትጎጃለሽ። ጎረቤቶችሽ እኮ ቡና እየጠሩሽ ነው! ኦሮምኛውን «አካም ጅርታ» ብለሽ ጀምሪው፣ ልጅሽም ከልጆቻቸው ጋር ስትጫወት ታስተምርሻለች። ብትመለሱም ስኒዎቹ ተመልሰው ካርቶን ውስጥ ይገባሉ። ነገ ጠዋት አውጥተሽ እጠቢያቸው። ከሰዓት ደግሞ በቅርብ ያለችውን ጎረቤትሽን አንቺ ጥሪያት።